አፈና

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤
ዶክተር ሽመክት የጠመኔ እጁን አራግፎ «ጂን አይሞትም» ይላል፤
«ፕሮቲኗ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች፤
አትፍቀውም። አፉን ብቻ ትይዛለች።»

«አፈና» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።
ቃሉን ከጎረቤት ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤
ሠራተኛ ሰፈር፣ በሌሊት፣
አጎቴን ስንሻውን በካልሲው እንደወሰዱት።

እናቴ ስሙን አትጠራም።
«ወንድም ነበረሽ?» ሲሏት «ውሃው ፈላ» ትላለች፤
ሌሊት ግን እስኪነጋ ጥርሷን ታፋጫለች።

ትናንት ራት ላይ ሳቅኩ፤
ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ትከሻ የሚንጥ፣
መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ሳቅ።
ጭልፋው ከእናቴ እጅ ወደቀ።
ተንደርድራ መጥታ ሽንኩርት በሚሸት መዳፏ አፌን ከደነችው፤
«ስንሻው» አለች፣
ቀስ ብላ፣
እጇን ሳታነሳ።