ያልተበሳው

ከደንገጎ ስወርድ፣ ከሦስተኛው እጥፋት፣
እግሬ ስር ፔዳሉ ጀመረ መስመጥ፣ መጥፋት።
መሪው ተርገፈገፈ፣ የሸራ ሽታ ገባ፣
ፊቴ ገደል፣ ኋላዬ የጫት አይሱዙ ጡሩምባ።
ሁለተኛ፣ አንደኛ፤ ሞተሯን አስጩኼያት፣
ከዳሩ ድንጋይ ላይ ግማሽ ክንድ ሲቀራት
ቆመች።
ላቤ ግን አልቆመም።

ሱባሩ ናት፣ ሰማያዊ፤ በጅቡቲ የገባች፣
ከእኔ በፊት ሦስት ባለቤት ያስፈራች።
ቱርቦዋ ሲያፏጭ፣ ከዚራ ጥላ ስር
የተኛ ዘበኛ ይነሳል ሊያባርር።
ስለ እሷ የማውቀው መሄዷን ነው፤ መቆም
ስለሚባለው ነገር አስቤው አላውቅም።

በማግስቱ ታይዋን፣ ፈርሂያ ሱቅ ቆምኩኝ፣
«የፊት ዲስክ» አልኳት፣ «ያማረውን ስጪኝ።»
ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ከጨርቁ ፈትታ፣
ሦስቱን አስቀመጠች ባንኮኒው ላይ በተርታ።

አንዱ እንደ ወንፊት ዙሪያውን ተበስቷል፣
በቸርኬው መሃል ሲያዩት፣ ኧረ እንዴት ያምራል!
ሁለተኛው ፊቱ በቦይ ተፈልፍሏል፣
እንደ ማሳ ትልም ፈር በፈር ይታያል።
ሦስተኛው ለጥ ያለ፣ ግራጫ፣ ዘይት የተቀባ፣
የወፍጮ ድንጋይ መሳይ፣ ለዓይን የማይገባ።

«ይሄ የእሽቅድድም ነው» አለችኝ ፈርሂያ፣
«ወላሂ ሁለተኛ የለም በዚህ ገበያ።»
ወንፊቱን አነሳሁ፤ ዋጋው ግን ገረመኝ፦
የጎደለው ብረት ካለው ተወደደብኝ።
ቢሆንም ልቤ ሄዷል። ቀብድ ይዛ ሦስቱንም
ባጃጅ ላይ ጫንኳቸው፤ መኪናዋን አላመንኳትም።

ገንደቆሬ፣ ግቢው፣ ሙሴ ሚልኪያስ ተቀምጧል፣
ሠላሳ ዓመት ሸማንደፈር፣ ቶርኖ ላይ አርጅቷል።
ባቡር በሌሊት ሲገባ፣ ፋኖስና መዶሻ ይዞ
የፉርጎ እግር ይመታ ነበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዞ።
ብረት አይታይም ይላል፤
ብረት ይደመጣል።

ወንፊቱን በሽቦ አንጠለጠለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣
በአሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ነካ አደረገው።
ጥብ አለ።
እንደ ነቃ እንስራ።
ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀው፦ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ሾልካ፣ ተሸሽጋ።
«ይሄ ሳል ይዞታል።»

ባለ ትልሙን መታው። ጮኸ፤ ደህና ጮኸ።
«ጤነኛ ነው። ግን ሸራ በሊታ ነው።
አንተ የምትሠራው ለሸራ ነው ለልጆችህ?»

ግራጫውን መታው።
ድምፁ ወጣ፣ የጣራውን ቆርቆሮ ዞረ፣
የጎረቤት ዶሮ አንገቷን አቀናች፣
ደቻቱ ድረስ ወርዶ አሸዋው ላይ የተኛ መሰለኝ።
ሙሴ እስኪያልቅ ጠበቀው።
ከዚያ ካሊብሮውን ከደረት ኪሱ አወጣ፦
«ሃያ አራት ሚሊ። ሃያ ሁለት ሲደርስ ጣለው፤
አንተ ካልጣልከው እሱ ይጥልሃል።»

«ሙቀቱስ? ሳይበሳ በየት ይወጣል?»
ጠርዙን ወደ ፀሐይ አዞረልኝ፤ በሁለቱ ፊት መሃል
ክንፍ በክንፍ የተደረደረ ባዶ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።
«ትንፋሹ በሆዱ ነው። ፊቱማ ለተመልካች ነው።
ገጥመህ እንዳትበርባት፤ አለማምዳት።
ያዝ፣ ልቀቅ። ያዝ፣ ልቀቅ።
በጋለ ዲስክ ረግጠህ አትቁም፣
ሸራው ማኅተሙን ያሳርፍበትና
ዕድሜ ልክህን ሲያንቀጠቅጥህ ይኖራል።»

ፈርሂያ የግራጫውን ጓደኛ ጨመረችልኝ፣
ወንፊቷን ተቀብላ፣ እየሳቀች፦
«ያ ሽማግሌ በጆሮው ገበያዬን ዘጋው።»

እሑድ ደንገጎን ወረድኩ።
ሦስተኛው እጥፋት፤ ሌላ አይሱዙ፣ ያው ጡሩምባ።
እግሬን አሳረፍኩ። ፔዳሉ እንደ ቤት ደፍ ጠበቀኝ።
ከታች ድሬ መብራቷን አንድ ባንድ ትለኩሳለች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን ሁሉ እመታለሁ፦
ብርጭቆ፣ ድስት፣ የአልጋ ብረት፣ ዓይኔን ጨፍኜ።
ትናንት ማታ ነጂሃ ታከታት መሰለኝ፣
ማንኪያ አንስታ ግንባሬን ነካ አደረገችኝ፣
ጆሮዋን አቀረበች፣
ትንሽ ቆየች፣
«ይሄ ሳል ይዞታል» አለች።