የሲኒ እናት

ሂርማታ፣ እናቴ ቡፌ ላይ፣ ከሬዲዮኑ ጎን፣
አንዲት ማሰሮ አለች፣ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን፤
ልጆች ሳለን «የሲኒ እናት» ነበር የምንላት፣
ሲኒዎቹ ሁሉ ሌሊት እየወጡ የሚጠቧት።
«አልተሳሳቱም» አሉ ሼህ ነስሩ፣ ዐረብኛ የሚያውቁት፤
«ሲን እኮ ቻይና ነው፤ ሲኒን በእናቷ አገር ነው የጠሯት።»

መንታ ነበረች። አያቴ ሺፋ ከጅቡቲ ሲመለሱ፣
ባቡሩ ሲያበቃ በበቅሎ፣ ገለባ እያለበሱ፣
ጊቤን ሞልቶ ቢያገኙት አቡጀዲውን ለጫኞች ትተው፣
ሁለቱን በየብብታቸው ሸጉጠው ተሻገሩ ዋኝተው።
(በየትኛው እጅ እንደዋኙ የነገረኝ የለም።)

አበባዋ ግን! ገላው በገላው ላይ ተደርቦ የፋፋ፣
ከሥሩ ደም የመሰለ፣ ከጫፉ ወተት ውስጥ የጠፋ።
ስም የለውም በእኛ። እናቴ ጽጌረዳ ነው ትላለች፤
ጎረቤታችን ዘምዘም «ጥቅል ጎመን!» ብላ ሰድባዋለች።
እኔ የማውቀው በጣቴ ነው፣ መብራት በጠፋ ማታ፤
ቀለሙ ከነጩ ከፍ ይላል፣ እንደ ገላ ሽፍታ።
ግንዱን እየዳበስኩ እከተላለሁ ከእግሯ እስከ አንገቷ፣
እዚያ ይቆረጣል፤ ሮዝ አይደለም፣ ቢጫ ነው አናቷ።

ክዳኗም ልኳ አይደለም። የአጋሮ አይሱዙ
በበራችን ባለፈ ቁጥር፣ ከነጩኸቱ ከነጓዙ፣
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፣ ጥርሱ እንደሚንገጫገጭ ብርዳም፤
እናቴ ተነስታ በመዳፏ ትጫናታለች። ምንም አትልም።

አምና ክረምት፣ አክስቴ ሲቲና ታመመች ቢሉኝ
ክኒን ይዤ አጋሮ ሄድኩ።
ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ያችኛዋን አየሁና ደነገጥኩ፦
ቢጫው አበባ ሆዷ ላይ፤ አናቷ ላይ ሮዙ፣ የእኛ።
አያቴ በሞቱ በአርባቸው፣ ውርስ ሲካፈሉ በዳኛ፣
ሁለት እህቶች በቁጣ ማሰሮ ማሰሮ ነጥቀው
ክዳን ሳያዩ ወጡ፣ ልጆቻቸውን አዝለው።

«እንለዋወጥ፣ አክስቴ! ነገውኑ ይዤው እመጣለሁ፤
በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ፣ እጠነቀቃለሁ።»
ክኒኗን በውሃ ዋጠች። ዝም አለች።
ውጭ መኪና አለፈ። ማሰሮዋ ጠቅ፣ ጠቅ አለች።
«ተዪው። ሠላሳ ዓመት ቤቴን ረግጣ አታውቅም፤
ይቺ ስትንኳኳ ግን መኪና ነው ብዬ አላውቅም።
መኪያ ናት እላለሁ፣ ከደጅ። ክዳኑ ልክ የገጠመ ቀን
ማን ያንኳኳልኛል?»

ጅማ ስገባ መሽቷል፤ መብራት የለም።
በማግስቱ ረፋድ አይሱዙው መጣ።
እናቴ ከወንበሯ ስትነሳ እጇን ያዝኩት።
«ዛሬ አትጫኛት» አልኳት።
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።
ያው መኪና ከሰዓት በኋላ አጋሮ ይደርሳል።