ዝናቡ በዛ

ትኬቱን የቆረጥሁ እኔ ነኝ፤ ይርሳው አልጠየቀም፤
«ሲኒማ?» አለና ጫማውን ፈለገ፣ እምቢም እሺም አላለም።
«ስለ አንድ ወጣት ደራሲ፣ ስለ ድባቴው» ይላል ማስታወቂያው፣
እዚሁ ባሕር ዳር የተቀረጸ፣ ጣና መነሻው፣ ጣና መድረሻው።

መብራት ጠፋ። ዘነበ።
ልጁ በመስኮት አየ፤ ዘነበ።
ፒያኖ ተመታ፤ ደብዳቤ ቀደደ፤
ፀጉሩን ነጨና ካፖርት ሳይደርብ ወጥቶ ሄደ፤
ዘነበ።
ተመልሶ በእንባው መሀል ገጽ በገጽ ላይ ጻፈ፤
አንድም ቃል ሳይሰርዝ ሌሊቱ እንደ ጎርፍ አለፈ።

እኔ የማውቀው ሌላ ነው።

እኔ የማውቀው ፎርም ነው። ፈለገ ሕይወት፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት፣
«ሥራ» ከሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆሞ ሳይላወስ፣
ከኋላ ያለው ሰልፈኛ «ኧረ ፍጠኑ!» እስኪል ድረስ።
እኔ የማውቀው ካልሲ ነው፣ ሦስት ሳምንት ያልታጠበ፤
ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ፣ ሰባት ጊዜ የተነበበ።
እኔ የማውቀው ስልክ ነው፣ ክንዱ ሥር ሆኖ የሚጠራ፤
እኅቱ ናት፣ ከዳንግላ፤ ይወዳታል፤ እጁ ግን ለሱ አይሠራ።
ዝናብ ደግሞ የት አባቱ! ሚያዝያ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጣጣ፤
የጎረቤት ሠርግ ሙዚቃ በመስኮት ገብቶ ሳይወጣ።

ፊልሙ ላይ ልጅት መጣች። ነጠላዋ ነጭ፣ ሳቋ ነጭ።
በታንኳ ጣናን አሳየችው፤ ውሃው ሰማያዊ፣ አንዲት እንቦጭ
የለችበትም።
ሳመችው፤ ዳነ፤ መጽሐፉ ታተመ፤
አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበ፤ ዝናቡም ያኔ ቆመ።

በጨለማው ውስጥ አፈርሁ። ወደ ይርሳው ለመዞር ፈራሁ፤
ሲያለቅስ ነበር የጠበቅሁት፤ ተኝቶ አገኘሁ።
ፈንዲሻው ጭኑ ላይ፣ አፉ ተከፍቶ፣ እንደ ሕፃን፤
ስምንት ወር የሸሸው እንቅልፍ
በኔ መቶ ሃምሳ ብር፣ በጭብጨባው መሀል፣ አገኘው ብቻውን።

ወጥተን በሐይቁ ዳር ሄድን፤ ጀልባ ጠሪዎቹ ገብተዋል፤
ከዘንባባው ሥር አንድ ልጅ ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጣል።
«ዝናቡ በዛ» አለኝ። ሌላ ምንም።
ሃያ እርምጃ ያህል ቆይቶ ደግሞ፣ ሳይስቅም፦
«ሐይቁንስ ማን አረመላቸው? እንቦጭ እኮ በእጅ ነው፤
እስከ ብብትሽ ገብተሽ ትነቅይዋለሽ፤ በሳምንቱ ያው ነው።»

ከዚያ «እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለ። እኔ ቦርሳዬን ሳምስ
እሱ ግንቡ ላይ ተቀምጦ
የተጨማደደ ትኬቱን በአውራ ጣቱ ሲያለሰልስ።

ሦስት ቃል ጻፈ፤ ምናልባት አራት። የመንገዱ መብራት ደካማ ነው፤
አላነበብሁትም።
አንዱን ሰረዘው።