ምጥ ለእናቷ

ኑሃ፣ የናዝሬቷ አዋላጅ፣
ወረቀት ዘርግታ ብዕሯን ሰጠችኝ፤
«ያለፈው ስፌትሽ አግድም ነው፣ መልካም፤
እንዴት እንዲሆንልሽ ነው? ጻፊው» አለችኝ።

ምን ብዬ ልጻፈው?
ያኢርን የዛሬ ሦስት ዓመት ሲያወጡት
ቁጢጥ ብሎ ነበር፣ በመቀመጫው ነው ያገኙት።
አረንጓዴ ጨርቅ ደረቴ ላይ ቆሞ፣
ከጨርቁ ወዲያ ማዶ የእኔ አካል አይመስልም፤
ይጎትቱኝ ነበር፤ ይሰማኛል፣ አያምም።
«እንኳን ተገላገልሽ!» ሲሉኝ በስልክ፣
ማን ከማን ተጣልቶ፣ ማን ገላጋይ ሆነ?
እል ነበር በሆዴ።
አልወለድኩም እኮ። ወለዱልኝ።
ፖስታ ቤት እንደመጣ ዕቃ
ፈርሜ ተረከብኩ።

ኑሃ ቁጥር ታውቃለች፤ ቁጥርም አትደብቅም፦
ከአራት ሦስቱ ግድም በራሳቸው በር ይወልዳሉ፤
ከሁለት መቶ ግን አንዷ፣
ምጡ ሲገፋባት ስፌቷ ይተረተራል።
ወደ ቤት ስመለስ፣ አፉላ አውቶቡስ ጣቢያ፣
ሁለት መቶ ሴቶች በሐሳቤ አሰለፍኩ፣
ሁሉም ሆዳቸው ገፍቶ፣ ሁሉም ሻንጣ ይዘው፤
አንዷን ፈለግኋት።
ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ ፊቷን ሳላይ ቀረሁ።

ማታ ለእናቴ፣ ለትብለጥ፣ ሁሉን ዘረዘርኩላት፦
ሞኒተሩ ከሆዴ አይፈታም፤
ማፋጠኛ መርፌ ባይሰጡኝ እመርጣለሁ፤
የቀዶ ጥገናው ክፍል ከዚያው ኮሪደር ጫፍ ነው…
የሱፍ አበባ ፍሬ በጥርሷ እየሰበረች ሰማችኝ።
ቅርፊቱን ተፋች። ሳቀች።
«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች።»

ተረቱ በልጅቱ ሲያሾፍ ስንት ዘመን ኖረ፤
እናትየዋስ መቼ አስተማረች ብሎ
የጠየቀ የለም።
አምስት ወልዳ እናቴ አንዱንም አልነገረችኝ።
የማውቀው ከሰው ነው፦
ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ፣ ዙሪያዋን ድንጋይ፣
ምግቡን ከድንጋዩ አስቀምጠው ወደ ኋላ የሚሉ እጆች፤
ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ።
እኔ ሰማንያ ነበርኩ።

«እማ፣ እስቲ አንቺ አስተምሪኝ።»

ዝም አለች። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።
ከዚያ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በሚያማት ጉልበቷ፣
ተነሥታ የማቀዝቀዣውን እጀታ
በሁለት እጇ ጨበጠች።
«ምሰሶው ይኸ ነው» አለች። «ተንጠልጠዪበት፤ ወገብሽን ልቀቂው።
ጩኸትሽን ወደ ላይ አትስደጂው፣ ይባክናል፤
ወደ ታች ነው የሚሰደድ፣ እንዲህ…»
ድምፅ ወጣት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሰምቼው የማላውቅ።
በሩ ተበረገደ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ፦
ወተት፣ የያኢር እርጎ፣ የተቆረጠ ሎሚ።
ሳቅን፣ አለቀስንም መሰለኝ፤
እስኪጮህ ድረስ አልዘጋነውም።

ሌሊቱን ወረቀቱን ሞላሁ። በዕብራይስጥ
«ጺር» ምጥም ነው፣ የበር ማጠፊያም ነው፤
ይህን ለእናቴ በአማርኛ ብነግራት
«አዩት እንዴ እነሱም?» አለች።

ጻፍኩ፦
የምንጠለጠልበት ነገር ስጡኝ፣ ብርቱ ይሁን።
እናቴ አብራኝ ትግባ፤ ባሌ አስረስም፣ ካልወደቀ።
ሰዓት አትቁጠሩብኝ፤ ልቡን ቁጠሩለት።
ቢላዋ ካስፈለገም ይሁን፤ ግትር አይደለሁም፤
ብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት በስሜ ጥሩኝ፤
ጨርቁንም ዝቅ አድርጉት፤
ሲወጣ እኔም ልኑር።

ሦስት ሳምንት ይቀራል። ራሱን ወደ ታች አዙሯል፣ ይመስገን፤
ጧት ጧት ስፌቴን ከስር በኩል ያንኳኳል፣
ቤቱን እንደሚያጠና ተከራይ።
ሻንጣው በሩ ጥግ ቆሟል። ዛሬ ብከፍተው
ከፎጣው ሥር አንድ ኪሎ የሱፍ አበባ ፍሬ።
«ይኸ ለምን?» አልኳት።
«ለእኔ ነው» አለች እናቴ፤ «ሌሊቱ ይረዝማል።»