ስምንት ሰከንድ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ ቤተኛ ነው፤
የሆስፒታላችንን ጣሪያ ሲጠርበው
ያድራል፣ ይውላል።
እኔ ግን ከምድር ቤት፣ እርጥበት ከማይደርስበት፣
ማድረቂያ ማሽኑ ሌት ተቀን ከሚያጓራበት፣
የሰው ሆድ ዕቃ ምስል እጠብቃለሁ፤
ኦሪየል ኮሊቮሮ፣ መዝገብ ቤት ነኝ፣ አለሁ።

ከመደርደሪያው ላይ ካሴቶች አሉ፣
ሪባናቸው ሻግቶ፣ ሲያዞሯቸው የሚያስሉ፤
ከነሱ ወዲህ ዲስክ፣ ከዲስክ ወዲህ ሰርቨር፤
የሐሞት ጠጠር፣ የኩላሊት ውሃ፣ የጉበት ዳር፣
ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም በሌሊት የታየ ባሕር።

ማክሰኞ ነው የመጣችው፣ ኤርሜሊንዳ ናውቶ፣
ካፖርቷ ከጀልባው ጨው፣ ከዝናቡም ጠጥቶ።
ከጉያዋ አወጣች አንድ ቁራጭ ወረቀት፣
ነጭ፤ ምንም የሌለበት።
«ልጄ ናት» አለችኝ። «ሃያ ሦስት ሳምንት
ቆይታ ሄደች። ይቺን ነው የሰጣችሁኝ።
ከእንጨት ምድጃው በላይ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልኋት፣
እንዳይበርዳት ብዬ።
ሙቀቱ በላት።»

አልነገርናትም ነበር። ያ ወረቀት ሙቀት ነው ብዕሩ፤
በሙቀት የተጻፈበት በሙቀት ነው መሻሩ።
ማን ያስረዳል ይህን፣ ከአልጋ ለምትነሣ እናት፣
ጄሉን ከሆዷ ላይ በሶፍት እየጠረገላት?

«እናንተ ጋ የቀረው፣ እሱስ አለ?» አለች።
ስሟን ጻፍሁ፤ የለችም። በሌላ ፊደል ጻፍሁ፤ አሁንም የለች።
በቀን ልፈልጋት አልሁ። «ድንች የሚወጣበት ሰሞን፣
ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው የቀረ ዕለት፣ ዓርብ ቀን።»
ትዝ አለኝ። ያን ዕለት መብራትም ሄዶ ነበር፤
የማሽኑ ሰዓት ሞቶ፣ ሲነሣ ዘመን ሳይቆጥር
ከአንድ ጀመረ፦ ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዓመት፣
ማሽኑ ራሱ ገና ያልተሠራበት።

እዚያ ወረድሁ። ካልነበረ ዓመት ውስጥ ገባሁ፤
ስም የለሽ ዶሴዎችን አንድ በአንድ ከፈትሁ፦
የዓሣ አጥማጅ ጉበት፣ የመምህር ጣፊያ፣
መንታ ጭንቅላቶች በአንዲት ጠባብ ማደሪያ።
አሥራ አንደኛው ላይ አንድ ጥላ ተላወሰ።
ልብ ብዬ ሳይ፣ ልብ ነው፤
የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ ተከፈተ፣ ተጨበጠ፣ ተመለሰ።
ከጥጉ፣ በችኮላ፣ «ናው» ይላል፤
መብራቱ ደግሞ ሲሄድ የቀረው ፊደል ቀርቷል።

ስምንት ሰከንድ። ከዚያ ቀረጻው ያልቃል፤
አልቆም፣ ማንም ሳያዘው፣ ከመጀመሪያው ይነሣል።
ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።
ስንት ጊዜ እንደዞረ እኔ አልቆጠርሁም፤
እሷ ግን ትቆጥር ነበር፤ ከንፈሯን አይቻለሁ።
«ላትምልሽ?» አልኋት። «በደህና ወረቀት አወጣለሁ።»
«ተው» አለች። «ቤቴ ይሞቃል።
እዚህ ይሻላታል።»

የቤታችን ደንብ አሥራ አምስት ዓመት ይላል፤ ሁለት ቀርቶታል።
ሳልነግራት ሸኘኋት። ይህ ያሳፍረኛል።

ማታ ስሙን ሞላሁ፣ ፊደሉን አርሜ፤
«የእርማት ምክንያት» በሚለው ሳጥን ላይ ቆሜ፣ ቆሜ፣
«ሰዓቱ ሞቶ ነበር» ብዬ ጻፍሁ።
ከዚያ የዚያን ዓመት ዶሴ ሁሉ፣ ባለቤት የሌለውንም፣
ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመርሁ።
ዝናቡ አላባራም።
ማኅፀን ያላቆያትን ማኅደር ሊያሳድራት ነው፤
መስመሩ በቀስታ ይሞላል፦ ሰባ በመቶ፣
ሰባ አንድ፣