ምድብ ዜሮ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ውሃ በፈረቃ።
ሌሊት ዘጠኝ ላይ፣ ቧንቧው ሲያጓራ ስነቃ፣
ባልዲዬን ደቅኜ፣ እስኪሞላ
ስድብ እመድባለሁ፦
አንድ፣ ተራ ስድብ፤ ሁለት፣ ዛቻ፤ ሦስት፣ ሽሙጥ፤
አራት፣ «ሌላ»።
ንጹሕ ከሆነ ዜሮ።

ለመመረቂያዬ ነው፤ የሕንፃችን ሰው በቴሌግራም
ስለ ውሃ ሞተር መዋጮ ዓመት ሙሉ የተናከሰው።
ስም ተፍቆ ሁሉም ቁጥር ሆኗል፤
ግን ድምፅ በቁጥር መች ይሸፈናል?
ሠላሳ ሰባት «እግዜር ይይልህ» ሳይል አራት ነጥብ አይመታም።
ሃያ ስድስት በዳዊት ትረግማለች።
አሥራ ሁለት አይመልስም፤
የደበዘዘ የደረሰኝ ፎቶ ብቻ ይልካል።

ዛሬ አንድ ረድፍ ላይ ደረስኩ፦
«ሒሳቡን አንተው አሳየን።»
አብራኝ የምትመድበው ትርሲት ዜሮ ብላዋለች።
እውነቷን ነው፤ ክፉ ቃል የለበትም።
እሷ ደረጃችንን አታውቅም፤
ጋሽ ይመኑን ሳገኛቸው
ጎንበስ ብዬ «እንዴት አደሩ» እንደምል፣
ሰኔ ላይ ግን፣ ውሃ በጠፋ በአሥረኛው ቀን፣
ሰማንያ ሰው እያየ
አንቱታቸውን በአንዲት ፊደል እንደገፈፍኩ፦
ቱን ተ አድርጌ።

ከዜሮዋ ጎን አንድ ጻፍኩ።
ስምምነታችን በፀጉር ታህል ወረደ።
«ምክንያት» የሚለው ሣጥን ባዶ ነው፤
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።

በሩ ተንኳኳ።
«ልጄ፣ ውሃው ሊሄድ ነው፤ ቀዳሽ?»
ባልዲው ሞልቶ፣ እግሬ ሥር ደርሷል።
«ቀዳሁ» አልኩ፤
«እርስዎስ?»