ሦስት በአራት

ሻርጃ፣ ከጋራዦች ጀርባ፣ ከጎማ መጋዘን፣
ሌሊቱን ተከራየሁ፤ ለጎማው ትቼ ቀን።
ሸራዬ ግድግዳ ያህላል፤ ሦስት ሜትር በአራት፤
የምሥለው ፊት ጥፍር ያህላል፤ ሦስት ሳንቲም በአራት፤
እናቴ ከመታወቂያ በምላጭ ያነሣቻት
የቀበሌ ጉርድ ፎቶ፣ ያያቴ፣ የይርገዱ፤
ግማሽ ፊቷን የበላው ማኅተም ከነጉዱ።

ወይን ጠጅ ክብ ነው። ካፍንጫዋ በታች
ከንፈሯን፣ አገጯን፣ ውጦ አስቀርቶታል።
ስቃ ነበር ያኔ? ወይስ አኩርፋ ነበረች?
የሚያውቅ ሰው አልቋል።

ሰባት አፍ ሠራሁላት፤ የናቴን፣ ያክስቴን፣
ባውቶቡስ ያየኋትን ሴት፣ በመጨረሻም የራሴን፤
ሰባቱንም ፋቅኋቸው።
መሰላል ወጥቼ ስቀርባት፣ ፊት ሳይሆን ቡናማ ማሳ ነው፤
ወርጄ እስከ በሩ ስርቃት፣ ፊቱ የሌላ ሰው።

ቀለሙም አይታዘዝ። ሰኔ ነው፤ ቆርቆሮው ያልበዋል፤
ወይ አልደርቅ ይለኛል፣ ወይ ብሩሹ ላይ ይሞታል።
የሸክላዋን ቀይ ፈለግሁ፣ ያን የቀጨኔን አፈር፤
የሱቁን ቀይ ሁሉ ደባለቅሁ፦
አንዱ የመኪና ሆነ፣ አንዱ የከንፈር፤
የሷ ግን ከቱቦ አይወጣም።

እናቴ ደወለች ትናንት፦
«ነጠላ አልብሻት፣ ድሪ አድርጊላት ካንገት፤
ጭቃውን ምን አመጣው? በሞቴ፣ ተዪው ይቅር።
አንቺ መች ሰማሽና፣ ለውኃ ስንሰለፍ
‹ቡዳ› ያለንን መንደር።»

እውነቷን ነው። መታወቂያውስ ምን ይል ነበር?
የሥራ ዓይነት፦ የቤት እመቤት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈር ድስት፣ የሰፈር ገንቦ የጠፈጠፈውን እጅ
አንድ ጸሐፊ፣ ባንድ መስመር፣ አጠበላት።
የኔም ኢቃማ ላይ «ጽዳት» ነው የተጻፈው፤
እሱም ማኅተም አለው።

ሌሊቱ ሲጋመስ ሞይዱ፣ ዘበኛው፣ ባትሪ ይዞ ገባ።
እሱ በኬረላ ዐረብኛ፣ እኔ በሐበሻ ዐረብኛ ነው የምንግባባው።
ብርሃኑን ክቡ ላይ ጥሎ ዝም ብሎ ቆየና
«ይሄ የምን አፍ ነው? የጉድጓድ? የጋን?» አለኝ።
ሳቅሁበት።
ሳቄ መሐል ላይ ቀረ።

መፋቂያውን ጣልሁት። መሰላሉን ወጣሁ፤
ብሩሹን በጥርሴ ነክሼ፣ ወይን ጠጁን በመዳፌ ቀባሁ፤
ጠርዙን እየዞርሁ ባውራ ጣቴ አለሰለስሁት፣
ጋን ሲከፈፍ እንደሚደረገው።
ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ክንዴ ግን ዞረበት።

አሁን ሊነጋ ነው። የጎማው መኪና አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳል።
አፍ የላትም ገና። ወይም አላት፤ ማታ አየዋለሁ።
በሩን በክንዴ ለካሁት፦ ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ቢል።
በየት እንደምትወጣ፣ እንጃ።